ለአስቸኳይ ጭነት የሚሆን መኪና በችኮላ አይገዛም

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ቤተሰብ ሰላም ነው። ዛሬ ግን ስለ ናፍጣ መኪና ልንጽፍላችሁ ተነሥተናል። እኛ በሙያችን በዕብራይስጥ «ዖቬድ ሶሲያሊ» የሚባለው የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ነን እንጂ መካኒክም ሾፌርም አይደለንም። ይሁን እንጂ የቢሯችንን በር ከሚያንኳኳው የቤት ውስጥ ጠብና ጭንቀት መካከል ጥቂት የማይባለው ሥሩ ሲፈለግ ዕዳ ሆኖ ይገኛል፤ ዕዳውም ሲጠየቅ አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ነዶ ሜዳ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ነው።

ነገሩ በሥራችን ብቻ ሳይሆን በገዛ ቤታችንም ገብቷል። እኛ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በእናታችን ጀርባ ታዝለን ወደዚህ አገር መጣን፤ አድገንም በቤርሼባ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተማርን። ታናሽ ወንድማችን እዚሁ ተወልዶ፣ ወታደርነቱን ጨርሶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ሁለት ልጆች ወልዶ ካርሜ ጋት ውስጥ በማሽካንታ ቤት ገዛ። በመጋዘን ሥራ ስምንት ዓመት ከሠራ በኋላ አንድ ሰንበት ማታ፣ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ተሰብስበን ሳለን፣ «የራሴን መኪና ገዝቼ የአስቸኳይ ጭነት ሥራ ልጀምር ነው፤ ባንኩ ዋስ አምጣ ብሎኛል» አለን። ዋስ የተባልነው እኛው ነን።

በመጀመሪያ የአስቸኳይ ጭነት ሥራ ምን እንደሆነ እናስረዳ። ተራው የጭነት ሥራ የሚከፈለው በክብደትና በርቀት ነው፤ ዕቃው ዛሬ ባይደርስ ነገ ይደርሳል። የአስቸኳይ ጭነት ግን የሚከፈለው በሰዓት መድረስ ነው። የአንድ ፋብሪካ ፓምፕ ተሰብሮ ሥራ ሲቆም፣ ለሆስፒታል የሚሄድ መሣሪያ ሲጠበቅ፣ ለኤግዚቢሽን የሚፈለግ ዕቃ ሲዘገይ፣ ደውለው «አሁኑኑ» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ጭነቱ ቀላል ነው፤ ክፍያው ግን ከተራው ይሻላል። በአንጻሩ ሾፌሩ ቀንም ሌሊትም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ባዶውንም ይመለሳል፤ መኪናው ከተበላሸ ደግሞ ደንበኛው ሁለተኛ አይደውልም።

ለዚህ ሥራ ከተማችን አመቺ ናት። ቂርያት ጋት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ስትቆረቆር ለላኪሽ አካባቢ የእርሻ መንደሮች ማዕከል እንድትሆን ታስባ ነበር። ዛሬ 35ኛውና 40ኛው መንገድ በአጠገቧ ይገናኛሉ፤ አገር አቋራጩ 6ኛው መንገድም ቅርቧ ነው። የኢንቴል ፋብሪካም የሱጋት ስኳር ፋብሪካም እዚሁ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ወደ አሽዶድ ወደብ፣ ወደ ቤርሼባ፣ ወደ ቴል አቪቭና ወደ ኢየሩሳሌም መድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ስለሆነም ወንድማችን ሥራ አለ ማለቱ እውነት ነበር። ጥያቄው ሥራው መኪናውን፣ መኪናውም ቤቱን ይችላል ወይ? የሚል ነው።

አባታችን ይህን ሲሰሙ ያሰቡት የአገር ቤቱን አይሱዙ ነው። እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ ውስጥ የአስቸኳይ ጭነት ማለት ጫት ነው። ከአወዳይ የሚነሣ ጫት ከጠወለገ ዋጋ የለውምና፣ ሾፌሩ ከቅጠሉ ጋር እሽቅድምድም ይገባል። ከዚህ ፍጥነትና ከሚደርሰው አደጋ የተነሣ ሕዝቡ ለአይሱዙ የጭነት መኪና «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም እስከ ማውጣት ደርሷል። ጥፋቱ የመኪናው አይደለም፤ አይሱዙ ዓለም የሚያውቀው ጠንካራ መኪና ነው። ጥፋቱ ሰዓቱ ሲገፋ ሰውም ፍሬንም የሚችሉት ነገር ልክ እንዳለው መረሳቱ ነው። አባታችንም «ሰዓት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የራሱን ሰዓት ይቆጥር» አሉ።

እናታችን ለልጃቸው ሲሉ የቆጠቡትን ሁሉ አውጥተው ሊሰጡ ተነሡ። እኛ ግን ለጊዜው ያዝናቸው። በሕግ ዋስ፣ በዕብራይስጡ «ዓሬቭ»፣ ማለት ፈርሞ የሚረሳ የሠርግ ምስክር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የዋስትና ሕግ ዋሱን ከባለዕዳው ጋር ያስተሳስረዋል፤ ተበዳሪው ካልከፈለ ባንኩ ወደ ዋሱ ደመወዝና ንብረት ሊመጣ ይችላል። በሥራችን ላይ ለወንድም፣ ለአማች፣ ለጎረቤት ፈርመው እስከ እርጅና ድረስ የሚከፍሉ አባቶችን አይተናል። «እንቢ» ማለት ደግሞ በእኛ ባህል ከባድ ነው፤ ወንድም ወንድሙን ካልደገፈ ማን ይደግፈዋል? ስለዚህ እንቢም እሺም ሳንል «ሂሳቡን በወረቀት እንየው፣ መኪናውን በመካኒክ እናስመርምረው፣ ከዚያ እንፈርማለን» አልነው። ፊቱ ጠቆረ። ቢሆንም ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሁለት ወር ተኩል ትምህርት ነው። እኛም ከእሱ ጋር አብረን ተማርን። ያስተማሩን ከጎንደር የመጡ፣ በቤርሼባ ሙሳኽ ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። «ጋሼ» እያልን ስለምንጠራቸው እዚህም ጋሼ እንበላቸው። ጋሼ ክላቹን «ፍሪሲዮን»፣ ማርሹን «ካምቢዮ»፣ የሞተሩን ራስ «ቴስታታ» ይሉታል። ጣሊያን ለኢትዮጵያ መካኒክ የተወው ቋንቋ ነው። ወንድማችን ደግሞ የሚያውቀው በዕብራይስጥ ብቻ በመሆኑ በሁለቱ መካከል ያስተረጎምነው እኛ ነን። ይህ ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ የሚወጣበትን ምክንያት ያን ጊዜ ይበልጥ ተረዳን።

የጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ትጭናለህ?» የሚል ነበር። ወንድማችን ያሰበው ትልቅ መኪና ነበር፤ ትልቅ መኪና ትልቅ ገንዘብ የሚያመጣ ይመስላልና። ጋሼ ግን በወረቀት አሰሉት። መኪናው ከነጭነቱ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 7,500 ኪሎ ነው እንበል። ሣጥኑና ከኋላ ዕቃ የሚያነሣው ሊፍት ተገጥሞለት ባዶውን 4,800 ኪሎ ከመዘነ ለጭነት የሚቀረው 2,700 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ «7 ተኩል ቶን» ሲል የሚጫነውን መናገሩ አይደለም። ከዚያ በላይ መጫን ፍሬኑን ያደክማል፣ ባሌስትራውን ይሰብራል፣ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ጋር ያጣላል። በሌላ በኩል የአስቸኳይ ጭነት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ፓሌት ነውና 15 ቶን የሚችል መኪና መግዛት ለባዶ ሣጥን ናፍጣ ማቃጠል ነው። መንጃ ፈቃዱም አብሮ ይታሰባል። ተራው «ቢ» እስከ 3.5 ቶን፣ «ሲ1» እስከ 12 ቶን ነው፤ ከዚያ በላይ ሙሉ «ሲ» ይጠይቃል። ወንድማችን «ሲ1» ስለነበረው መካከለኛው መኪና ለእሱም ለሥራውም ተስማማ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሲበላሽ የት ትወስደዋለህ?» ነበር። ሰው ሁሉ አይሱዙ ይሻላል፣ ፉሶ ይሻላል፣ ኢቬኮ ወይም ማን ወይም ዳፍ ይሻላል እያለ ይከራከራል። ጋሼ በክርክሩ አልገቡም። የተሻለው መኪና መለዋወጫው በአንድ ቀን የሚገኝ፣ የሚያውቀው ሙሳኽም በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ ያለ ነው አሉ። ምክንያቱም ለአስቸኳይ ሥራ ትልቁ ወጪ የቆመበት ቀን ነው። ርካሽ ተብሎ የተገዛ መኪና አንድ ዕቃ ከውጭ አገር እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ከቆመ፣ የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ግን አይቆምም።

ሦስተኛው ስለ ዘመኑ ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ ከባድ መኪናዎች «ዩሮ 6» የሚባለውን የጭስ ደረጃ ያሟላሉ። እነዚህ መኪናዎች ጥቀርሻውን የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፤ ብዙዎቹም ኡሪያ የሚባል ፈሳሽ ይጨመርላቸዋል። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ የሚያቃጥለው ሞተሩ በደንብ ሲሞቅና ረጅም መንገድ ሲሄድ ነው። ቀኑን ሙሉ በከተማ ውስጥ ትንሽ እየሄደ የሚቆም ወይም ሞተሩ እየሠራ የሚጠብቅ መኪና ማጣሪያው ይደፈናል፤ ከዚያም ኃይል ያጣና መብራት ያበራል። ሻጩ «የመብራት ችግር ብቻ ነው» ቢላችሁ አትመኑ፤ ጥገናው ውድ ነው። ይህ ማለት አዲሱ ዘመን መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ጭሱ የሚቀንሰው ለልጆቻችን ሳንባ ነው። ነገር ግን መኪናው ከሥራው ዓይነት ጋር መግጠም አለበት።

ከዚህ በኋላ ለማየት ሄድን። የመጀመሪያው መኪና ቀለሙ የሚያበራ፣ ዋጋውም የሚስብ ነበር። ባለቤቱ በጣም ደግ ሰው መሰለን፤ ቡና ጋበዘን፤ «ሌላ ገዢ ማታ ይመጣል» አለን። ጋሼ ቡናውን ሳይቀምሱ ሄደው እጃቸውን ከሞተሩ አጠገብ አስጠጉ። ሞቆ ነበር። «ናፍጣ ሞተር የሚመረመረው በጠዋት፣ ሲቀዘቅዝ ነው፤ የታመመ ሞተር ከሞቀ በኋላ ሕመሙን ይደብቃል» አሉና በማግሥቱ ሳይነካ እንዲቆይ ለመኑት። በማግሥቱ ስንመጣ አሁንም ሞቆ አገኘነው። ወንድማችን ዋጋውን እያሰበ ዓይኑ መኪናው ላይ ቀረ። ጋሼ ግን ትከሻውን መታ አድርገው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ወደ ቤት መለሱን።

ሁለተኛውን መኪና ቀዝቅዞ አገኘነው። ጋሼ የሚያዩትን ሁሉ ጻፍን፤ ለእናንተም ይጠቅማል። ሲነሣ የሚወጣውን ጭስ ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቶ አየሩ እንዳነሰ፣ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውኃ ሊሆን ይችላል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ስለሚጠቁር መጥቆሩ አያስደነግጥ፤ ነገር ግን እንደ ወተት ቡና ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። የዘይት መሙያውን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ሲከፍቱት ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል ማለት ይሆናል። ከሻንሲው ሥር ገብታችሁ ዝገትንና እንደገና የተበየደ ቦታን ፈልጉ። ጎማው ጎን ላይ በተጻፈው የፋብሪካ ቁጥር መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ከሆነ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል።

በተጨማሪም ጋሼ ኪሎ ሜትሩን ብቻ አላዩም፤ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጠየቁ። ሞተሩ እየሠራ አንድ ሰዓት የቆመ መኪና ሳይንቀሳቀስ ያረጃል፤ ብዙ መካኒኮችም ያንን ሰዓት እንደ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ የሆነ መኪና ሁሉ ወጣት አይደለም። በመጨረሻም ወረቀቱ ታየ፦ ስንት ባለቤት እንደነበረው፣ ቴስቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ በባንክ ወይም በፍርድ የታገደ መሆን አለመሆኑ። በመያዣነት የተመዘገበ ንብረት በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለው የመያዣዎች መዝገብ ይጠየቃል። ይህንን ሳያደርግ የገዛ ሰው የሌላውን ዕዳ አብሮ ሊገዛ ይችላል።

መኪናው ፍጹም አልነበረም። ሁለት ጎማ፣ የፍሬን ሸራና አንድ የሚያንጠባጥብ የዘይት ቱቦ መቀየር ነበረበት። ዋጋው በዚያው መጠን ተቀነሰ። እኛም የምንፈርምበት ቀን ደረሰ። ከመፈረማችን በፊት ግን ወንድማችንና ሚስቱ ሁለት ወረቀት አዘጋጁ፤ አንዱ የገቢና የወጪ ሂሳብ፣ ሌላው የጥገና ደብተር ነበር።

ሂሳቡን ለማየት ያህል አንድ ምሳሌ እናንሣ። 200 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚደርስ ጭነት ተጠየቀ። የሚከፈለው ለ200 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚነዳው ግን ከነመመለሻው 400 ነው። መኪናው በአንድ ሊትር 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 80 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። በላዩ ላይ ኢንሹራንስ፣ የመንገድ ክፍያ፣ ጎማ፣ ዘይትና የባንክ ክፍያ ይታሰባል። ጋሼ ደግሞ «ከእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ ለሞተሩ አንድ ነገር አስቀምጥ፤ ሞተር ቀስ በቀስ ያልቃል፣ ሂሳቡ ግን የሚመጣው በአንድ ቀን ነው» አሉ። ስለዚህ የጥገና ገንዘብ የሚቀመጥበት ሌላ የባንክ ሂሳብ ተከፈተ፤ የቤት አስቤዛ ቢጎድልም ከዚያ እንዳይወሰድ ባልና ሚስት ተስማሙ።

ብዙዎቹን የሚጥላቸው ግን የክፍያው ጊዜ ነው። በዚህ አገር ነጋዴዎች «ሾቴፍ ፕሉስ ሺሺም» ይላሉ፤ ይኸውም ወሩ ካለቀ በኋላ ገና 60 ቀን ይቆጠራል ማለት ነው። በወሩ መጀመሪያ የሠራችሁበት ገንዘብ ሦስት ወር ገደማ ይቆያል፤ ናፍጣውን ግን ዛሬ ትከፍላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሕግ በነጋዴዎች መካከል የሚፈጸም ክፍያ፣ ሌላ ስምምነት በግልጽ ካልተጻፈ በስተቀር፣ ወሩ ካለቀ በ45 ቀን ውስጥ እንዲሆን ይደነግጋል። ስለሆነም የምትፈርሙትን ውል አንብቡ፤ ማንበብ ካስቸገራችሁ የሚያነብላችሁ ፈልጉ። ደግሞም በደረሰኝ ላይ የምትሰበስቡት የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ማዓም፣ የእናንተ ገንዘብ አይደለም። ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ 18 በመቶ ሆኗል፤ እንደ ገቢ ቆጥሮ የበላው ሰው በኋላ ከነቅጣቱ ይጠየቃል።

በሙያችን ደግሞ ሳናስጠነቅቅ የማናልፈው ነገር አለ። ተቀጣሪ የነበረ ሰው ነጻ ሠራተኛ ሲሆን ከሥራ የመባረር ጥበቃውን ይለቃል፤ ሥራ ቢጠፋ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የሥራ አጥ ክፍያ አያገኝም። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበትም መብቱን የሚያገኘው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነጻ ሠራተኛነት ተመዝግቦ ከሆነ ነው። ከ2017 ወዲህ ነጻ ሠራተኛ ለጡረታ መቆጠብ ግዴታው ነው። ወንድማችን መኪናውን ከመንዳቱ በፊት እነዚህን ሁሉ አስመዘገበ። ይህንን ቅድመ ሁኔታ ያስገባነው እኛ ስንሆን፣ ሚስቱ ከማንኛችንም ይበልጥ ደገፈችን።

አሁን ወደ ጥገናው እንለፍ። ወንድማችን በሰንበት አይነዳም። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት፣ ሚስቱ ዳቦ ስትጋግር፣ እሱ መኪናውን ይመረምራል። ዘይቱንና የራዲያተሩን ውኃ ሲቀዘቅዝ ያያል፤ የሞቀ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ያፈስሳል፤ ውኃ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ያበላሻልና። መኪናው በአየር የሚሠራ ፍሬን ስላለው የአየሩን ጋን ውኃ ያወጣል። የአየር ማጣሪያውን ያያል፤ ወደ ኔጌቭ የሚመላለስ መኪና አቧራ ይጠጣል። ቺንጋውን ይነካል፣ ቱቦዎቹን በእጁ ይጨብጣል፣ የጎማ አየሩን ይለካል። ጎማ የተቀየረ እንደሆነ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቡሎኑን እንደገና ያጠብቃል። የሞተር ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ የሚወስነው የፋብሪካው መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ብዙ የሚቆምና ብዙ የሚጠብቅ መኪና «ከባድ ሥራ» ከተባለው ሠንጠረዥ ይቆጠራል፤ እርሱም ከተራው አጠር ይላል። ሁሉም ነገር ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በደብተሩ ይጻፋል። ደብተሩ ነገ መኪናው ሲሸጥም ዋጋ አለው።

ባለፈው ክረምት ሳይሆን በበጋው፣ በሐምሌ፣ አንድ ነገር ደረሰ። ወንድማችን ከሙት ባሕር አጠገብ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ሞተር ጭኖ ለጥገና ወደ ከተማችን ያመጣ ነበር። ከሙት ባሕር ወደ ዓራድ ያለው ዳገት ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወጣል። ሊማሊሞን ወይም የዓባይን በረሃ ያየ ሰው እንዲህ ያለው ዳገት ሞተርን እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያውቀዋል። በመካከሉ የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አቆመ። ሥራውን የሰጠው ሰው በስልክ «ትንሽ ነው የቀረህ፣ ግፋ፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው» ብሎ ጮኸበት። ሌሊት ነው፤ ብቻውን ነው፤ ይህንን ደንበኛ ካጣ የወሩን ገቢ ሲሶ ያጣል።

አልገፋም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ በመብራት ሲያይ አንድ የውኃ ቱቦ ከማሰሪያው አጠገብ ተሰንጥቆ አገኘ። የተጎዳውን ጫፍ ቆርጦ መልሶ አሠረው፣ ውኃ ሞላ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ዘገየ። ከክፍያው ተቀነሰበት፤ ያ ሰው ከዚያ ወዲህ አልደወለለትም። ጋሼ በማግሥቱ ሞተሩን መርምረው «ቴስታታው ደህና ነው» አሉ። ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ጥገናው የብዙ ወር ትርፍ ይበላ ነበር። ወንድማችን ሁለት ወር ያህል በጠበበ ኑሮ ኖረ፤ የጥገናው ሂሳብ ግን ሳይነካ ቆየ፤ እኛም የባንክ ደብዳቤ አልደረሰንም።

ይህን ያነሣነው ወንድማችንን ለማወደስ አይደለም። ያን ሌሊት ለማቆም ያስቻለው ደፋርነቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ደንበኛ ቢሄድ ቤቱ እንደማይፈርስ በወረቀት ያየው ሂሳብም ነው። ለነገ የባንክ ክፍያ ዛሬ ሌሊት መድረስ ያለበት ሾፌር መርፌውን አያይም፤ ዓይኑም ሲከዳው አያቆምም። በዚህ አገር የትራፊክ ደንብ ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ ሾፌር በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ መንዳትን ይከለክላል፤ ያለማቋረጥ 4 ሰዓት የነዳም ግማሽ ሰዓት ማረፍ አለበት። ሕጉ ለሾፌሩ ብቻ የወጣ አይደለም፤ በሌላኛው መስመር ልጆቿን ጭና ለምትመጣው እናትም ነው።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በቤታችሁ ልጅ ወይም ወንድም «መኪና ልግዛ፣ ፈርሙልኝ» ሲላችሁ እነዚህን ጥያቄዎች በቡናው ዙሪያ አንሡ። የሚጫነው ምንድን ነው፣ ስንት ኪሎስ ይመዝናል? ሞተሩን ቀዝቅዞ ያየው መካኒክ ማን ነው? የሚጠግነው ሙሳኽ የት ነው? የመጀመሪያው ክፍያ እስኪመጣ ድረስ ያለው ሦስት ወር በምን ይታለፋል? መኪናው አንድ ወር ቢቆም ማን ይከፍላል? ሚስትስ ምን ትላለች? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ዋስ ይገባዋል። መልስ የሌለውን ደግሞ «እንቢ» ከማለት «መልሱን አብረን እንፈልግ» ማለት ይሻላል፤ ይህ ወንድምነትንም አያፈርስም፣ ቤትንም አያስይዝም።

ከባንኩ ዕዳ ገና የሚቀር አለ፤ በየወሩ እየተከፈለ ነው። ጋሼም ዓርብ ዓርብ ሲመቻቸው ብቅ እያሉ ደብተሩን ያገላብጣሉ፤ ያልተጻፈ ነገር ካገኙ ቡናውን እንደገና ሳይቀምሱ ይቆጣሉ። በዚህ ጉዳይ ምክር የምትፈልጉ ወይም የሚፈረም ውል በእጃችሁ ያለ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ማኅበራችን ቢሮ ጎራ በሉ፤ አብረን እናነበዋለን። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።